በዓባይ አሸዋ ላይ፦ ከቂሣርያ እስከ ፔታህ ቲክቫ በእግር

እስራኤልን ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ የሚያቋርጠው ብሔራዊ የእግር መንገድ፣ በዕብራይስጥ መጠሪያው ሽቪል ዪስራኤል፣ በሰሜን ድንበር አቅራቢያ ካለው ዳን ከተባለ ኪቡትስ፣ ማለትም የኅብረት እርሻ መንደር፣ ተነሥቶ፣ በገሊላ ኮረብቶች፣ በቀርሜሎስ ተራራና በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ አልፎ፣ ወደ መሐል አገር ታጥፎና የነጌቭን ምድረ በዳ ሰንጥቆ በቀይ ባሕር ላይ እስካለችው ኤላት የሚዘልቅ፣ ርዝመቱም ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ምልክት የተደረገበት መንገድ ነው። ከቴል አቪቭ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የፔታህ ቲክቫ ከተማ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን መንገዱ ከቂሣርያ በስተ ሰሜን ጀምሮ ሲከተለው የቆየውን የባሕር ዳርቻ ቴል አቪቭ ላይ ትቶ፣ በያርኮን ወንዝ ዳር ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ የሚያመራው ወደዚህችው ከተማ ሰሜናዊ ዳርና በአጠገቧ ወዳለው የወንዙ ምንጭ ስለሆነ፣ የባሕር ዳርቻው ጉዞ የሚቋጨው በፔታህ ቲክቫ ደጃፍ ነው ማለት ይቻላል። ከተማዪቱ ብዛት ያላቸው ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁዶች፣ ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ መሆኗ ደግሞ ይህን ክፍል ለአማርኛ አንባቢ ከሌላው የመንገዱ ክፍል ሁሉ ያቀርበዋል፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው ቅርበቱ በሚኖሩት ሰዎች ብቻ ሳይሆን በሚረገጠው አሸዋም ጭምር ነው።

መንገዱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)፣ ሐሳቡ የኡሪ ድቪርና የአቭራሃም ታሚር ነበር፤ ታሚር በአሜሪካ የአፓላችያን ተራሮችን ተከትሎ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን መንገድ በእግሩ ከተጓዘ በኋላ፣ የእርሱም አገር ምንም እንኳ ትንሽ ብትሆን እንዲህ ያለ ከዳር እስከ ዳር የሚያደርስ መንገድ ሊኖራት እንደሚችል አሰበ። ምልክቱን የሚቀቡትና የሚንከባከቡት በ1953 የተመሠረተው የእስራኤል ተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ባቋቋመው የመንገዶች ኮሚቴ ሥር ያሉ ሠራተኞች ናቸው። ምልክቱ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሦስት ቀለማት አሉት፤ ነጩ በሰሜን የሄርሞን ተራራን በረዶ፣ ሰማያዊው ባሕሩን፣ ብርቱካናማው ደግሞ የደቡቡን ምድረ በዳ ያመለክታል። በድንጋይ፣ በግንብ፣ በመብራት ምሰሶ ላይ ሳይቀር የሚገኘው ይህ ባለሦስት ቀለም ምልክት ተጓዡን ያለ ካርታ ሊመራው የሚችል ነው፤ በባሕሩ ዳርቻ ግን ምልክት የሚቀባበት ድንጋይ ሁልጊዜ ስለማይገኝ መሪው ራሱ ውሃው ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ባሕሩን በቀኙ እስከያዘ ድረስ አይጠፋም።

እንዲህ ያለውን ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኞቹ፣ በአብዛኛው ወታደራዊ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ወጣቶች፣ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ተከታታይ ጉዞ ይዘልቁታል፤ ይህም ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ሁለተኞቹ ሥራ፣ ልጅና ዕድሜ የማይለቃቸው ሲሆኑ መንገዱን በየቀን መንገድ ከፍለው፣ ዛሬ የጀመሩትን ቆርጠው ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ በሌላ ሳምንት ወይም በሌላ ወር ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በኢትዮጵያ መኪና ሳይገባ በፊት ርቀት በቀን መንገድ ይቆጠር፣ የነገሥታቱም ጉዞ በሰፈር በሰፈሩ ይተረክ እንደነበር የሚያስታውስ አንባቢ ይህ አከፋፈል እንግዳ አይሆንበትም። የመጀመሪያው ዓይነት ጉዞ ዝናው የሚበልጥ ቢሆንም አገርን ለማወቅ ግን ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም፤ በየቀን መንገድ የሚሄድ ሰው አንዱን ዳርቻ በበጋ፣ ተከታዩን በክረምት፣ ሦስተኛውን ሜዳው በአበባ በተሸፈነበት በየካቲት ስለሚያየው፣ በሁለቱ ጉዞዎች መካከልም ስላየው ነገር ለማንበብና ለመጠየቅ ጊዜ ስለሚያገኝ ነው።

ለፔታህ ቲክቫ ነዋሪ ይህን የሚያመቻችለት የባቡሩ መስመር ነው። ከከተማዪቱ ጣቢያዎች፣ ከኪርያት አርዬ ወይም ከሰጉላ፣ ተነሥቶ ቴል አቪቭ ላይ ባቡር የሚቀይር ሰው በባሕሩ ዳርቻ ትይዩ የተዘረጋውን መስመር ያገኛል፤ ቢንያሚና፣ ሃደራ፣ ነታንያ፣ ቤት ዬሆሹዓና ሄርዝሊያ እየተከታተሉ የሚመጡ ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ በአንዱ ወርዶ ቀኑን በእግር ሄዶ በሌላው መሳፈር ይቻላል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ከፔታህ ቲክቫ እስከ ባት ያም የሚሄደው ቀላል ባቡር ደግሞ ቴል አቪቭን ይበልጥ አቅርቦታል። የሚከለክለው ሰንበት ነው፤ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር ስለማይሄድ፣ ዓርብ የሚጓዝ ሰው በማለዳ ወጥቶ አጭሩን ክፍል መምረጥ፣ ረጅሙን ለሥራ ቀን ፈቃድ ማቆየት ይኖርበታል። ማደር ለሚፈልግ በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞችና መንደሮች መንገደኛን በነጻ የሚያሳድሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ የመንገዱ መላእክት ይሏቸዋል፤ የመሸበት የእግዜር እንግዳ ደጅ ሲመታ ቤት የእግዚአብሔር ነው ተብሎ በሚገባበት አገር ያደገ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል።

የዳርቻው ጉዞ የሚጀምረው የታኒኒም ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ በእስራኤል ሜዲትራኒያን ዳር ብቸኛዋ የቀረች የዓረብ መንደር በሆነችው በጂስር አዝ-ዛርቃ ነው። ወንዙ ስሙን ያገኘው ከአዞ ሲሆን የዓባይ አዞ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በረግረጉ ውስጥ ይኖር ነበር። ከመንደሪቱ በስተ ደቡብ በ2002 የተገነባ የአፈር ክምር ከባለጸጋዪቱ ቂሣርያ ይለያታል፤ የእግር መንገዱ ግን በውሃው ዳር ስለሚያልፍ ሁለቱን ያገናኛል፣ ይህም ከእግር መንገድ ጥቅሞች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር የሚገባው ነው። ጥቂት እንደተሄደ ከአሸዋው ላይ በቅስት በቅስት የቆመው የሮማውያን የውሃ ቦይ ይታያል፤ ከቀርሜሎስ ግርጌ ምንጮች ውሃ ወደ ቂሣርያ ያመጣ የነበረው ይህ ቦይ በሁለተኛው መቶ ዓመት በንጉሠ ነገሥት ሃድርያን ዘመን ተስፋፍቷል።

ቂሣርያን ታላቁ ሄሮድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ22 እስከ 10 ባሉት ዓመታት ሠራት፤ ወደቧ በተፈጥሮ መጠለያ በሌለበት ቀጥ ባለ ዳርቻ ላይ፣ ከኢጣልያ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ተደባልቆ ውሃ ውስጥ ሆኖ በሚጠነክር ሲሚንቶ የተገነባ ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢ ግን ከተማዪቱን ከሌላ ወገን ያውቃታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደሚተርከው ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ላይ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ካጠመቀ በኋላ በአዛጦን፣ ማለትም በዛሬዋ አሽዶድ፣ ተገኝቶ ከዚያ በከተሞቹ ሁሉ እየሰበከ እስከ ቂሣርያ ደርሷል፤ ምዕራፍ 21ም በዚያው ቤት ሠርቶ እንደኖረ ያመለክታል። ጃንደረባው በሠረገላው ወደ አገሩ ሲመለስ አጥማቂው የሄደው ይህንኑ የባሕር ዳር ሜዳ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከከተማ ወደ ከተማ እያረፈ ነው፤ ስለዚህ በየቀን መንገድ የሚደረገው የዳርቻ ጉዞ በዚህ አገር ከኢትዮጵያ ስም ጋር ተያይዞ የተጻፈው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ከቂሣርያ በስተ ደቡብ በሃደራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ዳርቻውን ስለሚዘጋው ተጓዡ ለጥቂት ጊዜ ከባሕሩ ይርቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ አሌክሳንደር ወንዝ ያለው ረጅም አሸዋ ነው። በአሸዋ ላይ መሄድ የራሱ ጥበብ አለው። ደረቁ አሸዋ ከእግር ሥር እየሸሸ ኃይል ይጨርሳል፤ ማዕበሉ አሁን ያረጠበው ጠርዝ ግን ውሃው ቅንጣቶቹን አያይዞ ስለሚይዛቸው እንደ መንገድ ይጠነክራል። ሆኖም ጠርዙ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ዝቅ እያለ ጉልበቱንና ዳሌውን ያመዋል፤ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ስለዚህ አልፎ አልፎ ወደ ደረቁ ይወጣሉ ወይም ቀኑን ያሳጥራሉ። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ 1,014 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን፣ ጥንት የጉምሩክ ጠባቂዎች ኮንትሮባንዲስት ለመሰለል ይመላለሱበት የነበረውን የዳርቻ መንገድ የሚሄድ ሰው የባሕሩን መሙላትና መጉደል በሰዓት ሰሌዳ ማወቅ ይኖርበታል፤ ሜዲትራኒያን ግን ከግማሽ ሜትር በታች ብቻ ስለሚሞላና ስለሚጎድል ይህ ጭንቀት እዚህ የለም። የሚያስፈራው የክረምቱ ማዕበል ነው፤ አሸዋውን ሁሉ ሸፍኖ እስከ ገደሉ ግርጌ የሚደርስበት ቀን አለ።

የዚህ አሸዋ መነሻ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። የጂኦሎጂ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ከጋዛ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ያለው የባሕር ዳር አሸዋ ዋና ምንጩ የዓባይ ወንዝ ነው። ዓባይ በግብፅ ዴልታው ላይ፣ ማለትም ወንዙ ተከፋፍሎ ባሕር በሚገባበት የደለል ሜዳ ላይ፣ ያፈሰሰውን ሞገዱና በዳርቻው ትይዩ የሚሄደው የባሕር ወራጅ ውሃ ተሸክመው በሲና ዳር ወደ ምሥራቅ ከዚያም ወደ ሰሜን ያደርሱታል። አሸዋው ከብዙ አገር የተሰበሰበ ነው፤ የወንዙ ደለል አብዛኛው ግን ከኢትዮጵያ ይወርዳል፤ በክረምት ዓባይና ተከዜ የጎጃምን፣ የጎንደርንና የስሜንን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርገው ያወረዱት ነው፤ ከነጩ አሸዋ ጋር ተቀላቅለው የሚገኙት ጥቋቁርና ከባድ የማዕድን ቅንጣቶችም በከፊል ከዚያው ድንጋይ የመጡ መሆናቸው ይታወቃል። በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቁ ግድብ ደለሉን በናስር ሐይቅ ውስጥ ካስቀረው ወዲህ አዲስ አሸዋ ከላይኛው ዓባይ አይደርስም፤ ዛሬ በዳርቻው የሚመላለሰው ቀድሞ የወረደው ነው። ከጎንደር ተነሥቶ የመጣ ሽማግሌ በነታንያ ዳርቻ ሲቆም የቆመው በከፊል አባቶቹ ባረሱት አፈር ላይ ነው፤ ይህ የቅኔ አነጋገር ሳይሆን ድንጋዩ ተመርምሮ የተገኘ እውነት ነው።

በአሌክሳንደር ወንዝ ደግሞ ለስላሳ ቅርፊት ያለው የዓባይ ኤሊ ይኖራል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ የሚችል፣ አፍንጫው እንደ ቱቦ የሾለ እንስሳ ሲሆን፣ ከወንዙ አፍ ጥቂት ወደ ላይ በተሠራው ድልድይ አጠገብ በቡድን ሆኖ ፀሐይ ሲሞቅ ማየት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ዳርቻው ወደ ገደል ይለወጣል። ገደሉ ኩርካር ከሚባለው ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ኩርካር በጥንት ዘመን ነፋስ የከመረው የአሸዋ ኮረብታ ዝናብ ባሟሟው ኖራ ተጣብቆ የጠነከረ ሲሆን፣ በነታንያና በስተ ደቡቧ ከባሕሩ በላይ እስከ 50 ሜትር ገደማ ይቆማል። ድንጋዩ ከላይ ጠንካራ ቢመስልም ከሥሩ ሞገድ ስለሚቦረቡረው በየጊዜው ይናዳል፤ ገደሉም ወደ ምሥራቅ እየሸሸ ነው። ስለዚህ ተጓዡ ከገደሉ ግርጌ ተጠግቶ እንዳይሄድና እንዳያርፍ፣ በላይ ሲሄድም ከጠርዙ እንዲርቅ የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ማስጠንቀቂያው በቁም ነገር መወሰድ አለበት።

በእስራኤል ከሚኖሩት፣ ቁጥራቸው ከ160 ሺህ ከሚበልጠው የኢትዮጵያ ተወላጆች ከሁሉም የበዙት የሚገኙባት ከተማ ነታንያ ናት። የእግር ጉዞ በዚህ ማኅበረሰብ ዘንድ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት ሌላ ነገር ነበር። በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ከጎንደር አገር ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሥተው፣ በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አልቀውባቸው በትግራይ ቀርተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1985፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ለመድረስ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየሄዱ ወደ ሱዳን ተሻግረዋል፤ በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኞች ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሟል፤ በዕብራውያን አቆጣጠር ኢያር 28 ቀን በየዓመቱ ይታሰባሉ። የዚያ ጉዞ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ስንቃቸውን ይዘው በትምህርት ቤትና በወጣት ማኅበራት ጉዞ ይህንኑ ብሔራዊ መንገድ ሲሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ ስለራሳቸው መንገድ፣ በየት እንደተነሡ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳደሩና ማንን የት እንደቀበሩ፣ ቢጠየቁና ቢጻፍ ተገቢ ነው፤ ያ መንገድ ምልክት የቀባለት የለምና የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ከነታንያ በስተ ደቡብ የፖሌግ ወንዝ ኩርካሩን ሰብሮ ባሕር የሚገባበት ቦታ ታልፎ አርሱፍ ይደረሳል። እዚህ በ1191 የመስቀል ጦረኞቹ መሪ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድና የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሰላሐዲን ተዋግተዋል። ሪቻርድ ከዓካ እስከ ያፋ ሠራዊቱን የመራው ቀን በቀን አጭር አጭር መንገድ እየሄደ፣ በሙቀቱ እያሳረፈ፣ ስንቁንም በትይዩ በሚሄዱ መርከቦች እያስጫነ ስለነበር፣ በታሪክ ከተመዘገቡት በየምዕራፉ የተከፈሉ የዳርቻ ጉዞዎች መካከል የእርሱ በጥንቃቄው የሚታወቅ ነው። በገደሉ አናት ላይ የሚታየው የመስቀል ጦረኞች ምሽግ ከ1241 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን በ1265 የማምሉኩ ሱልጣን ባይባርስ ከበባ አድርጎ ያዘው።

ምሽጉ ካለበት እስከ ሄርዝሊያ ያለው ዳርቻ በቪላዎችና በሆቴሎች የታጠረ ስለሆነ አንድ ጥያቄ እዚህ ይነሣል፤ ባሕሩ የማን ነው? የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ርዝመቱ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ከዚያም ጥቂት የማይባለው በወደብ፣ በማመንጫና በጦር ሠፈር ተይዟል። በ1983 የጸደቀው ብሔራዊ የዳርቻ ፕላን ከውሃው ጠርዝ 100 ሜትር ድረስ መገንባትን በመሠረቱ ከለከለ፤ በ2004 የወጣው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ደግሞ እስከ 300 ሜትር ያለውን ምድር ጥበቃ ሥር አድርጎ ሕዝቡ በዳርቻው እንዲተላለፍ ደነገገ። ዌልስ በ2012 የባሕር ዳርቻዋን ሁሉ የሚከተል 1,400 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ ስትከፍት ያረጋገጠችው ይህንኑ መብት ነው። ሕግ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በምድር ላይ እንዲኖር የሚያደርገው ግን እግረኛው ነው፤ ሰው የማያልፍበት ዳርቻ አጥር ለማጠር ይቀላልና፣ በየሳምንቱ የሚሄዱት ሰዎች ሳያስቡት የጋራውን ሀብት ይጠብቃሉ።

በቴል አቪቭ ሰሜን የያርኮን ወንዝ አፍ ሲደረስ የሰማያዊው ዳርቻ ጉዞ ያበቃና መንገዱ ወደ ላይ፣ ወደ ፔታህ ቲክቫ፣ ይወጣል። ወንዙ 27.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በአቅራቢያው በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ አይሁዶች ፔታህ ቲክቫን ሲመሠርቱ ረግረጉ የወባ ቤት ስለነበር ብዙዎች ሞተው መንደሪቱ ለጊዜው ተትታለች፤ በ1883 በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ እርዳታ ዳግመኛ ስትቆም ገበሬዎቹ ረግረጉን አድርቀው፣ ከወንዙ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ የብርቱካን ተክል አለሙ። የወንዙ ከባድ ዘመን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1955 የምንጮቹ ንጹሕ ውሃ ወደ ነጌቭ በቧንቧ ሲወሰድ በወንዙ ውስጥ የቀረው በብዛት የከተሞች ፍሳሽ ሆነ፤ በ1997 በመቃብያ የስፖርት በዓል የእግረኛ ድልድይ ተሰብሮ አትሌቶች ወንዙ ውስጥ ሲወድቁ አራት አውስትራልያውያን ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን የገደላቸው የተበከለው ውሃ ያመጣባቸው በሽታ ነበር። በ1988 የተቋቋመው የያርኮን ወንዝ ባለሥልጣን የተጣራ ውሃ እንዲገባና ፍሳሹ እንዲቀንስ አድርጓል። በዓለም ላይ በዚህ አገር የባሕር ዳር ወንዞች ብቻ የሚገኘው ትንሹ የያርኮን ዓሣ በ1999 ድርቅ ሊጠፋ ሲል ከውሃው ተወስዶ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተራብቶ እንደገና ተለቋል፤ ከፔታህ ቲክቫ በስተ ሰሜን ባለው የላይኛው ክፍል ውሃው ጠርቶ፣ ቢጫ የውሃ አበባ ተንሳፍፎበት ይታያል።

ጉዞው የሚደርስበት ቴል አፌቅ የተባለው ጉብታ በምንጮቹ ላይ ቆሟል። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ፍልስጥኤማውያን ሰፍረውበት የቃል ኪዳኑን ታቦት ማረኩ የሚለው አፌቅ ይህ ነው፤ ሄሮድስም በዚያው ላይ በአባቱ ስም አንቲጳጥሪስን ሠራ፤ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ግንብ ግን ኦቶማኖች በ1570ዎቹ መንገዱን ለመጠበቅ ያቆሙት ምሽግ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 እንደሚለው ሐዋርያው ጳውሎስን ወታደሮች ከኢየሩሳሌም በሌሊት ወደ አንቲጳጥሪስ አድርሰው፣ በማግሥቱ እግረኞቹ ተመልሰው ፈረሰኞቹ ወደ ቂሣርያ ይዘውት ሄደዋል። ዛሬ ከቂሣርያ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው እነርሱ ከተነሡበት ነው፤ ፈረሰኞቹ በሜዳው አቋርጠው በአንድ ቀን የጨረሱትን እርሱ ባሕሩን ተከትሎ አራት ወይም አምስት የቀን መንገድ ይፈጅበታል።

ከአፌቅ መንገዱ በሮሽ ሃዓይን አጠገብ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ የማዞርን የሮማውያን መቃብር አልፎ ወደ ይሁዳ ግርጌ ኮረብቶች ይወጣል፤ ከዚያም በነጌቭ ውሃ አስቀድሞ ተቀብሮ ካልተጠበቀ መጓዝ የማይቻልባቸው ቀናት አሉ። ተጓዡ ዳግመኛ ከባሕር ዳር የሚደርሰው በኤላት፣ በቀይ ባሕር ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት በሱዳን ዳርቻ አሩስ በተባለ ቦታ የመዋኛ መዝናኛ የሚመስል ሆቴል ከፍቶ፣ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ሱዳን የደረሱ ሰዎችን በሌሊት በጎማ ጀልባ ወደ ባሕር ኃይል መርከብ ያሻገረው በዚሁ ባሕር ላይ ነበር፤ ባሕር አይተው የማያውቁ ደገኞች መጀመሪያ የተሳፈሩት ከዚያ ዳርቻ ነው።